ጥንቡን የጣለውስ ማን ነው?

ስድብ ሲያጥረን ወደ ሰማይ እናንጋጥጣለን። በሰው ሞት የከበረውን፣ የወንድሙን ውድቀት ቀን ቆጥሮ የሚጠብቀውን፣ ሬሳ አፈር ሳይለብስ የውርስ ክስ የሚከፍተውን ሰው «ጥንብ አንሳ!» እንለዋለን። ባለሥልጣኑ ጋዜጠኛውን፣ ጋዜጠኛው ባለሥልጣኑን፣ ነጋዴው ተፎካካሪውን በዚሁ ስም ይጠራል። ማሞገስ ሲያምረን ደግሞ እንደገና ቀና እንልና ርግብ እናወርዳለን። ሙሽራዋ ርግብ ናት። ሰላም ርግብ ነው። የዋህ ሰው ርግብ ነው። የጉባኤ መክፈቻ ያለ ነጭ ርግብ አያምርም፤ ከመድረኩ በላይ በተሰቀለው ጨርቅ ላይም አንዲት ርግብ የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ፣ ክንፏን ዘርግታ እናያታለን። አንዷ ወፍ በሽልማት፣ ሌላው ወፍ በእርግማን ይኖራሉ።

ይህ ፍርድ መቼ እንደተሰጠ፣ ዳኛው ማን እንደ ነበረ፣ ምስክር ተሰምቶ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ከሳሹም ፈራጁም ዓይናችን ነው። ርግቢቱ ታምራለች፤ አንገቷ ያብረቀርቃል፤ ድምጿ እንቅልፍ ያመጣል። ጥንብ አንሳው ግን ራሱ ተመልጦ፣ አንገቱ ተራቁቶ፣ ትከሻውን ሰብቆ ሲቀመጥ ለቅሶ ቤት ገብቶ ዕዳውን የሚጠይቅ አበዳሪ ይመስላል። እርሷ እህል ትለቅማለች፤ እርሱ የሞተ አህያ ይዘነጥላል። መዝገቡ በዚህ ተዘጋ።

ይህ ጽሑፍ መዝገቡ እንደገና እንዲከፈት ይጠይቃል። የሚጠይቀውም ለወፍ በማዘን ብቻ አይደለም። በስም የተጀመረ ንቀት በመርዝ እንደሚያልቅ፣ የመርዙም ሂሳብ ዞሮ ዞሮ ወደ ሰው ቤት እንደሚመጣ ማስረጃ ስላለ ነው።

* * *

እስቲ በተወዳጇ እንጀምር። አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይጥራ፤ በዮርዳኖስ ስለታየው ምልክትም ሆነ ስለ ኖኅ መልእክተኛ እዚህ ክርክር የለም። እምነት የመረጠው ምልክት በእምነት ይኖራል። ክርክሩ ጣሪያችን ላይ ስለምታርፈው፣ ምንቃርና ኩስ ስላላት ወፍ ነው።

በየስብሰባው አዳራሽ የምናያት የሰላም ርግብ ከኖኅ መርከብ ተነሥታ በቀጥታ አልመጣችልንም። እ.ኤ.አ. በ1949 በፓሪስ ለተካሄደው የዓለም የሰላም ጉባኤ ማስታወቂያ ላይ የፓብሎ ፒካሶ ርግብ ታትማ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ እየተባዛች የፖለቲካ ሰላም ሁሉ ማኅተም ሆነች። ይሁንና ያን ጊዜ ርግብ ከጦር ሜዳ ከተመለሰች ገና አራት ዓመቷ ነበር። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የጦር መልእክት እግሯ ላይ እየታሠረ ከግንባር ወደ ጠቅላይ ሠፈር በርራለች። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1943 ለእንስሳት ጀግኖች የተቋቋመው የዲኪን ሜዳልያ እስከ 1949 ድረስ ለ54 እንስሳት ሲሰጥ፣ ከእነዚህ 32ቱ ርግቦች ነበሩ። ይህ ለርግቢቱ ክብር ነው እንበል፤ አይካድም። ግን የሰላም ባለሙያነት ማስረጃ አይደለም። ሰው ወደ ጦር ሲልካት ለጦር ሠራች፤ ወደ ጉባኤ ሲልካት ለጉባኤ አጌጠች። እርሷ ያሰበችው ወደ ጎጆዋ መመለስን ብቻ ነው።

የዋህነቷስ? በ1973 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ የሆነው ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ ሁለት ርግቦችን በአንድ የሽቦ ቤት ዘግቶባቸው ሄደ። ሲመለስ አንዷ ሌላዋን መሬት ላይ ጥላ ከጭንቅላቷ ጀምሮ ጀርባዋን ስትልጣት አገኘ። ሎሬንዝ ከዚህ የደረሰበት ሐሳብ ለእኛም ይጠቅማል። ተኩላን የመሰለ ገዳይ ጥርስ ያለው አውሬ የተሸነፈለትን ወገኑን ከመጨረስ የሚያግደው ልጓም ከተፈጥሮ ተሰጥቶታል፤ ርግብ ግን በሜዳ ላይ የተሸነፈችው ብርር ብላ ስለምታመልጥ እንዲህ ያለ ልጓም አላስፈለጋትም። ማምለጫ በሌለበት ቦታ የዋሂቱ ማቆሚያ የላትም።

ከሎሬንዝ የሽቦ ቤት ይልቅ ለእኛ የሚቀርበን ግን የባሕር ዳሩ ቀን ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ ለመብረር ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን መሬት ሲለቅ ከወፍ መንጋ ጋር ተጋጨ። ወፎቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ቢታገሉም ሞተሮቹ ኃይል አጡ፤ አውሮፕላኑ ጎማውን ሳያወጣ ሜዳ ላይ በሆዱ ወድቆ ተቃጠለ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ወፎቹ አሞራ አልነበሩም። ክንፋቸው ነጠብጣብ የሆነ፣ ዓይናቸው ዙሪያውን የቀላ፣ ከከተማና ከገጠር ጣሪያ የማይጠፉት ርግቦች ነበሩ።

ታዲያ ርግብ ነፍሰ ገዳይ ናት ማለት ነው? አይደለችም። በራሷ ሰማይ ላይ ስትበር ሰው የሠራው ብረት መጣባት፤ እርሷም ከሟቾቹ አንዷ ናት። በዚያ አደጋ ምክንያት ርግብን «ገዳይ» ብሎ የሰደበ ሰው አልተሰማም፤ ባይሰማም ልክ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። በዚያን ቀን ሞተሩ ውስጥ የገቡት ጥንብ አንሳዎች ቢሆኑ ኖሮ ምን እንል ነበር? «አላልንም ወይ! የሞት ወፍ!» እንል ነበር። ተረት ይወጣለት፣ ልጆች ይፈሩት፣ ድንጋይ ይወረወርበት ነበር። አንዷ ሠላሳ አምስት ሰው ካለቀበት አደጋ ስሟ ሳይጎድፍ ወጣች፤ ሌላው ማንንም ሳይገድል በስሙ ይረገማል። ፍርዱ ከሥራ ሳይሆን ከመልክ እንደተቀዳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጥንብ አንሳም ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨበት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1973 በአይቮሪ ኮስት ዋና ከተማ በነበረችው በአቢጃን ሰማይ ላይ፣ 11,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ አንድ ጥንብ አንሳ የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር ውስጥ ገባ። ሞተሩ ተጎዳ፤ አውሮፕላኑ ግን በሰላም አረፈ። የራስ ዳሽንን ቁመት ሁለት ጊዜ ብትደራርቡት እዚያ ከፍታ አይደርስም። አየሩ በሳሳበት፣ ሌላው ፍጡር በሚታፈንበት ቦታ ያ «ቆሻሻ» ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፋል። የዚህ ወፍ ዝርያ የሚጠራው በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ዞሮ ባጠናው በጀርመናዊው ተመራማሪ በኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው። ባዕድ ስሙን ሰጠው፤ እኛ ስድብ አደረግነው።

* * *

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። «ጥንብ አንሳ» የሚለውንም ስም መልአክ ሳያወጣው አይቀርም፤ ያጎደፈው ጆሯችን ነው እንጂ ቃሉ ንጹሕ ነው። ቃሉን ለሁለት ክፈሉት፤ ጥንብ አለ፣ የሚያነሣው አለ። ጥንብ ጣይ አላልነውም፤ ጥንብ አንሳ ነው ያልነው። ይህ የሥራ ስም ነው። ታዲያ ጥንቡን የጣለውስ ማን ነው? አህያውን ጀርባው እስኪላጥ ጭኖት ኖሮ ሲሞትበት እግሩን አሥሮ መንገድ ዳር የጎተተው፣ የልኳንዳውን ትርፍራፊ ሌሊት ወንዝ ውስጥ የደፋው፣ የበዓል በሬ ተቃርጦ ሲያበቃ ፈርሱንና ሰኮናውን ከአጥር ሥር የከመረው ማን ነው? ለዚህ ሰው ስድብ አላወጣንለትም። ስድቡን ያተረፍነው ለሚያነሣው ነው።

ፉከራና ቀረርቷችንንም አስታውሱ። ጀግናው ጠላቱን ከመግጠሙ በፊት አሞራን ለድግስ ይጠራል፤ ና፣ ሥጋ አዘጋጅቼልሃለሁ ይለዋል። ጠሪው ሰው ነው፤ ሬሳውን ያነጠፈው ሰው ነው፤ ድግሱ የሰው ነው። ድግሱ ሲያልቅ ሆዳም የሚባለው ግን ተጠሪው ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። የጥንብ አንሳ ጨጓራ እጅግ ብርቱ አሲድ አለው። ሌላውን እንስሳ የሚጥሉ ብዙ ተሕዋስያን እዚያ ውስጥ ይቀልጣሉ፤ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ሥጋ በልቶ ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይሆን ይበራል። ራሱና አንገቱ ላባ የሌለው ደም እንዳይጋገርበትና የሰውነቱን ሙቀት ለመቆጣጠር እንዲመቸው ነው። ከበላ በኋላ ውሃ ይፈልጋል፤ ገብቶ ይታጠባል፤ ክንፉን ለፀሐይ ዘርግቶ ይደርቃል። በርከት ብለው ሲወርዱ ለቀናት ሲሸት ሊሰነብት የሚችለውን ሬሳ በሰዓታት ውስጥ አጥንት ያደርጉታል። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ደግሞ አጥንቱንም የማይተው ወገናቸው አለ፤ አጥንቱን ወደ ሰማይ ይዞ ወጥቶ ዓለት ላይ ይለቅቀዋል፣ ሲሰበር ወርዶ ቅልጥሙንና ስብርባሪውን ይውጣል። በሌሊት ጅብ፣ በቀን ጥንብ አንሳ፤ ደመወዝ የማይጠይቁ ሁለት ተረኞች ናቸው።

የጥንት ሰዎች ከእኛ ይልቅ አስተውለውታል። ግብፃውያን የላይኛውን ግብፅ ጠባቂ አምላክ ነኽቤትን በጥንብ አንሳ መልክ ሣሏት፤ «እናት» የሚለውንም ቃል የጻፉት በዚሁ ወፍ ምልክት ነው። ልጇን በክንፏ የምትጋርድ አድርገው አዩዋት እንጂ ሬሳ የምትጠብቅ አላሉአትም። ከዚህም የቀረበ ነገር አለ። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ንስር» ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጡ «ነሸር» በብዙ ሊቃውንት አስተያየት ትልቁ ጥንብ አንሳ ነው። ነቢዩ ሚክያስ ስለ ራስ መመለጥ ሲናገር ይህን ወፍ ምሳሌ አድርጎ መጥቀሱን አስቡ። ንስር ራሱ ላይ ላባ አለው፤ የሚመለጠው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። እንግዲህ በየግድግዳችን ላይ የምንሰቅለው፣ በየንግግራችን የምናሞግሰው የኃይልና የመታደስ ወፍ፣ በየሰፈራችን የምንረግመው ዘመድ ሊሆን ይችላል።

* * *

«ይሁን፤ ግን ወፍ ቢሰደብ ምን ይጎዳል? ስድቡን አይሰማ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ስድቡን እርሱ አይሰማም፤ እኛ ግን እንሰማዋለን። የናቅነው ነገር ሲጠፋ አንቆጥርም። ሳንቆጥር ስናድር ምን እንደሚሆን ህንድ አይታዋለች።

ህንድ ብዙው ሕዝቧ ላም የማይበላባት፣ ከብቱ ግን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር አገር ናት። የሞተውን ከብት የሚያነሡት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥንብ አንሳዎች ነበሩ። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እነዚህ ወፎች ከየዛፉ ይረግፉ ጀመር። በብዛት ከሁሉ ይበልጥ የነበረው ዝርያ ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከሺህ አንድ ያህል ብቻ ቀረ። ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓኪስታን በተደረገ ምርመራ ተገኘ፤ ዲክሎፌናክ የሚባል፣ ሰውም ለቁርጥማት የሚውጠው መድኃኒት ነው። ገበሬው ለታመመ ከብቱ ይወጋዋል፤ ከብቱ ይሞታል፤ ወፉ ሥጋውን ይበላል፤ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። የአባ ሰንጋን ጀርም የቻለ ሆድ አንድ ርካሽ መድኃኒትን አልቻለም። ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2006 መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። ወፉን የማይጎዳ ምትክም ተገኘ። ግን ወፉ አልቆ ነበር።

ከዚያስ? ሬሳው አልቀረም፤ አንሺው ነው የቀረው። ውሻ ወረደበት። ውሻ በዛ፤ ንክሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በዛ፤ ወንዙም በብስባሽ ተበከለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ጥናታቸውን ያሳተሙ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ወፉ በነበረባቸውና ባልነበረባቸው ወረዳዎች የሞተውን ሰው ብዛት አነጻጽረው፣ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ ሰው እንደሞተ ገመቱ። ግማሽ ሚሊዮን ሰው! በሙምባይ ሙታናቸውን በግንብ ላይ ለጥንብ አንሳ የሚሰጡት ፓርሲዎች እንኳ ሥርዓታቸውን የሚፈጽምላቸው ወፍ አጡ። የሞተውን ከብት ለማንሣት የተከፈለ ደመወዝ አልነበረም፤ ሲቀር ግን የተከፈለው ይህ ነው።

ርግብ ብታልቅስ እንዲህ ይሆን ነበር? ከተማው ትንሽ ጸጥ ይል ነበር እንጂ ሆስፒታል አይጨናነቅም። ልዩነቱ በዚህም አያበቃም። ርግብ በመንፈቅ ዕድሜዋ ለመራባት ትደርሳለች፤ በአንድ ጊዜ ሁለት እንቁላል፣ በዓመት ብዙ ጊዜ ትጥላለች። አባትም እናትም ከጉሮሯቸው በሚያመነጩት ወተት መሰል ምግብ ጫጩቶቹን ያሳድጋሉ። ከመንጋው ግማሹ ቢጠፋ ጥቂት ዓመት ሳይሞላው ይተካል። ጥንብ አንሳ ለመውለድ ዓመታት ይጠብቃል፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች በዓመት ከአንድ እንቁላል አይበልጡም፤ አንዱን ጫጩት ለማብረር ወራት ይፈጅባቸዋል። አንድ የተመረዘ ሬሳ በአንድ ቀን የገደለውን ወላዶቹ በአሥር ዓመት አይመልሱትም። የምናሞግሳት የምትተካ ናት፤ የምንረግመው የማይተካ ነው።

* * *

ይህ የህንድ ታሪክ ነው ብሎ መጽሔቱን ማጠፍ አይቻልም። አፍሪካም በመንገዱ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ስምንት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች በሠላሳ ዓመት ውስጥ በአማካይ 62 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። ከተመዘገበው ሞት 61 በመቶ በመርዝ፣ 29 በመቶ ለባህል መድኃኒትና ለጥንቆላ በሚደረግ ንግድ፣ 9 በመቶ በኤሌክትሪክ መስመር የደረሰ ነው። በ2015 አራት የአፍሪካ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መዝገብ ገቡ። ከእነዚህም አንዱ ከሰው ጋር ለመኖር የለመደው፣ በየቄራውና በየቆሻሻ መጣያው ዳር የምናውቀው፣ ፊቱ ቀላ ያለው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በጊኒ ቢሳው ከዚህ ዝርያ ከሁለት ሺህ በላይ በመርዝ አልቀው ተገኙ፤ ከብዙዎቹ ሬሳ ላይ ራሳቸው ተቆርጦ ተወስዶ ነበር።

ቦትስዋና ውስጥ በሰኔ 2019 (እ.ኤ.አ.) የሆነውን ደግሞ ልብ በሉ። ዝሆን አዳኞች ሦስት ዝሆን ገድለው ሬሳው ላይ መርዝ ነሰነሱ፤ 537 ጥንብ አንሳ ረገፈ። ለምን? አዳኙ ከወፉ ጋር ጠብ የለውም። ወፉ ግን ሰማይ ላይ ሲዞር የጥበቃ ሠራተኛው ያያል፤ ወንጀሉ የት እንደተፈጸመ ያውቃል። ጥንብ አንሳ ምስክር ነው። የተገደለው ሬሳ በመብላቱ አይደለም፤ ሬሳ ያለበትን በማሳየቱ ነው። ጥንብ ያለበትን የሚያሳይ ከጥንቡ ባለቤት ምን እንደሚጠብቀው ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ከብት በማርባት ከአፍሪካ ቀዳሚዋ አገር ናት፤ ስለዚህም የጥንብ አንሳ አገር ናት። ከሰባት የማያንሱ ዝርያዎች ሰማይዋን ይጋራሉ፤ ከቱርክና ከባልካን አገሮች ጭምር ክረምቱን ሸሽቶ አፋር የሚወርድ ነጭ ጥንብ አንሳም አለ። ይህን ያህል ሀብት ተቀብለን የምንጠብቀው ግን በግዴለሽነት ነው። ጅብ በጉን የበላበት ሰው በቅሪቱ ላይ መርዝ ይረጫል፤ ጅቡ ይሙት አይሙት አይታወቅም፣ በማግሥቱ የወረዱት ወፎች ግን አይነሡም። ውሻ በዛ ተብሎ ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ በተጣለበት ቦታ ሁሉ የውሻውን ሬሳ የበላው ወፍ ተከትሎ ይሞታል። ነገሩን ልብ በሉት፤ ውሻ የሚበዛው አንሺው ስለጠፋ ነው፤ ውሻ ለመቀነስ የሚረጨው መርዝ ደግሞ አንሺውን ያጠፋል። ቤቱ እየተቃጠለ ባልዲውን እንደመስበር ነው።

«ሰው ኑሮ ከብዶት ሳለ ስለ ጥንብ አንሳ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አይጠፉም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስለ ርግብ ማውራት ቅንጦት ሊሆን ይችላል፤ የጥንብ አንሳ ጉዳይ ግን የድኻ ጉዳይ ነው። እብድ ውሻ የሚነክሰው መኪና ውስጥ ያለውን አይደለም። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሥራ የሚሄደውን፣ በረንዳ የሚያድረውን፣ ከትምህርት ቤት በእግሩ የሚመለሰውን ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ በደንብ አጥቦ ክትባቱን ሳይዘገይ ካገኘ ይድናል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ነገሩን የወፍ ወዳጆች ጨዋታ አድርጎ ማለፍ የማይቻለው።

«ሥጋ ከእጃችን ይነጥቃል» የሚሉም አሉ። ክሱ እውነት ነው፤ ተከሳሹ ግን ሌላ ነው። የሚነጥቀው ጭልፊት ነው። የአንዱን ጥፋት በሌላው ማላከክ ለእኛ አዲስ ነገር ባይሆንም፣ ቢያንስ ክንፉንና ጭራውን አይቶ መለየት አይከፋም። «ሰው ሲሞት ደስ ይለዋል» የሚሉት ደግሞ ወፉን ሳይሆን ራሳቸውን ነው የሚያሙት። ጥንብ አንሳ ነፍስ አይመኝም፤ የሆነውን ይቀበላል። መግደልማ የንስር ሥራ ነው፤ ንስርን ግን አንሰድበውም፤ በዓርማና በባንዲራ እናስጌጠዋለን። የሚገድለውን እናከብራለን፤ የምታጌጠውን እንወዳለን፤ የሚያጸዳውን እንረግማለን። ይህ የማኅበረሰባችን የክብር መሰላል ነው፤ ከወፎቹ በፊትም በሰዎች ላይ ተሰቅሎ ኖሯል።

ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ ብሎ፣ በጫማውና በማረሻው፣ በእንስራዋና በምጣዷ ሲገለገል የኖረ ሕዝብ ነን። ነገሩ መንግሥትን ከማሳሰቡ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ አልፏል፤ ስድቡ አላለፈም። ዛሬም በሌሊት መንገዳችንን የምትጠርገውን ሴት አፍንጫችንን ይዘን እናልፋታለን፤ አንድ ሳምንት ብትቀር ግን ከተማው ምን እንደሚሸት እናውቃለን። ርግብ በየአዳራሹ ሞልታለች፤ የሚያከብሩትን አጥቶ ጎንበስ ያለው አንሺው ነው።

ርግብ ከጨርቁ ላይ ትውረድ የሚል የለም። ትኑር፤ ታምራለች። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ለአውሬም ለውሻም ሬሳ ላይ መርዝ መርጨት ይቁም፤ ውሻ በክትባትና በማምከን እንጂ በስትሪክኒን አይቀነስም። የእንስሳት ሐኪሞቻችን ህንድን ያጎደለው መድኃኒት እዚህ ከብት ላይ እንዳይወጋ ይጠንቀቁ፤ ምትኩ አለ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚተክሉ ወፍ በማይገድል መልክ ይትከሉ። ቄራዎች ትርፍራፊያቸውን ወንዝ ውስጥ አይልቀቁ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ወፉን መውደድ አያስፈልግም፤ ልጆቻችንን መውደድ ይበቃል።

ለእኛ ለጸሐፊዎች ደግሞ የሚቀርብ ጥያቄ አለ። ከእንግዲህ በሰው ሞት የሚከብረውን፣ በረሃብተኛ ስንዴ የሚነግደውን፣ የሌላውን ውድቀት የሚያመርተውን ሰው ጥንብ አንሳ አንበለው። አያነሣምና። እርሱ ጥንብ ጣይ ነው፤ ስሙ ይህ ነው፤ በስሙ እንጥራው።